ለእንግሊዟ ልጅ የተለቀሰ ለቅሶ

ሽሮ ሜዳ ላይ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው ብል የሰፈሬ ሰው ይቆጣኛል፤ እኛን የሚያስገባው ግን አንድ ብቻ ነበር። የቤቱ እመቤት የሹም ሚስት ናቸው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱን ሰብስበው ከልብ ወለድ የተወሰደ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ያሳዩናል። ትልልቆቹ ሶፋ ላይ፣ ነጋዴዎቹ በርጩማ ላይ፣ የሸማኔ ሚስት የሆነችው እናቴ ደግሞ በሩ ሥር መሬት ላይ። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ መሀል ቆሜ እንግሊዝኛውን እተረጉምላቸዋለሁ። በዚህም ልቤ አብጦ ነበር።

ታሪኩ የሚሆነው በአንድ ትልቅ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሰው ሳይነካው ይከፈታል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ዓይኑን ያዞራል። የቤቱ ጌታ አንዲት ትንሽ ልጅ አለችው፤ ታማለች። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ጥጥ እየፈተለች፣ "ያቺ ልጅ ሻል ብሏት ይሆን?" ትለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሐኪሙ ከልጅቷ ክፍል ወጥቶ አንድ ነገር ተናገረ። "ሞተች" ብዬ ተረጎምኩ። ወዲያው ቀብሩ መጣ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ዝናብ ውስጥ እንደ አጥር እንጨት ተገትረው ቆሙ። አንድም የሚያለቅስ የለም። አባትየው ጓንቱን አጥልቆ ሄደ።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አለች እናቴ ከበሩ ሥር። "አልቃሽ የላትም እንዴ?"

ተነሣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች። ያውም በአማርኛ አይደለም፤ እኔ ትምህርት ቤት አላውቀውም እያልኩ በምክደው በጋሞ አገሯ ቋንቋ። ሶፋው በሙሉ ሳቀ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ፊልም እኮ ነው!" አሉ እሜቴ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። "የማን ልጅ ሞተችብሽ?"

"ይኼንንም ተርጉሚልን እንጂ!" አለኝ አንዱ።

ገብቶኝ ነበር። እናቴ "ስም ሳይወጣልሽ፣ ስምሽን ጠርቼ ሳላለቅስልሽ" ትል ነበር። ምንም አልተረጎምኩም። በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጇን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት፤ መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም።

አባቴ እግሩን ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ እየሸመነ ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ እንደገባች ጠብቄ ፈነዳሁ።

"አዋረደችን! ለፈረንጅ ልጅ 'ስም ሳይወጣልሽ' እያለች ታለቅሳለች። ልጅቷ ስም አላት እኮ!"

አባቴ ማጉን የሚያሳልፍበትን መወርወሪያ እንደያዘ ቀረ።

"ከአንቺ በፊት አንዲት ነበረች" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብን። ክርስትና ላልተነሣ አይለቀስም ብለው ሽማግሌዎቹ እናትሽን ዝም አሰኟት። ዝም አለች።"

ሥራውን ቀጠለ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ሶፋው ላይ ከሳቁብን ሰዎች ይልቅ እናቴን ቀና ብዬ ማየት አሳፈረኝ። ጓዳ ገብቼ አንድ ነገር ልበላት ብዬ ነበር፤ ከጓዳው በር ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዬን ስከናነብ እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

"አንቺ ሂጂ የኔ ልጅ። እኔ አላሳፍርሽም" አለች።

ነይ ማለት ነበረብኝ። ሄድኩ።

ስመለስ አሁንም እየፈተለች ነበር። ቀና ሳትል፣ "ዛሬስ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ልጅቷ ተመልሳ መጣች።"

እንዝርቷ ቆመ። "የሞተችው?"

"አዎ። ደረጃው ላይ ቆማ እጆቿን ዘረጋች።"

"እነሱስ?"

"ፈርተው ሸሹ። አባትየው በሩን ቆለፈባት።"

እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ምነው እኔ እዚያ በነበርኩ" አለች።