የዘነቡ አሸንዳ

ወልድያ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣም ቧንቧው አስቀድሞ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ያስላል፣ ዝገት የቀላቀለ ምራቁን ይተፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባልዲው የሚንዠቀዠቀው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ያንን ሳል ሰምቼ ጀሪካኖቼን ስደረድር፣ ጎረቤቴ የሆነችው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ለመሆኑ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" አለችኝ። ስንት ዓመት ስቀዳው ኖሬ አለማወቄ አሳፈረኝ። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ ሲሄዱ ባለችው የልጅነት መንደሬ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣና በማን ማሳ በኩል እንደሚያልፍ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የእኛ ውሃ ከተራራው ግርጌ ከሚፈልቅ ምንጭ ተነስቶ በአፈር ቦይ እየተጥመለመለ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የእኛን ማሳ ያጠጣል፣ ከዚያ ጎርፍ የቆፈረውን ትልቁን ቦረቦር በአናቱ ዞሮ ማዶ ወዳሉት ሰዎች ሽንኩርት፣ በርበሬና የማንጎ ችግኝ ይሻገራል። ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ አያ እንድሪስ የሚባሉ ቀጭንና ረጅም ሰው፣ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። ከባለቤታቸው ጠባይ ይልቅ የውሃውን ጠባይ ያውቁታል ተብለው ሲታሙ፣ "ውሃ መንገድ ካሳዩት እሺ ይላል፤ እሷን ማን መንገድ ያሳያታል!" ብለው ከሐሜተኞቹ ጋር አብረው ይስቃሉ።

አስር ዓመት በሞላኝ ክረምት የወረደው ጎርፍ የቦረቦሩን አናት ግጦ ቦዩን ይዞት ሄደ። የማዶ ሰዎች በድንጋይና በአፈር ሞሉት፤ ተናደ። ደግመው ሞሉት፤ ያም ተናደ። በጋው ሲገፋ የበርበሬው ችግኝ ቢጫ ሆነ፤ አንዳንዱ አባወራ ቤቱን ዘግቶ መርሳ ወርዶ የቀን ሥራ ስለመፈለግ ማውራት ጀመረ። እኛ ግን ከቦረቦሩ ወዲህ ስለሆንን ውሃችን አንድም ቀን አልጎደለም።

አንድ ጠዋት አያ እንድሪስ ግቢያችን መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። የሚያዩት እናቴን የወለዷት አያቴ የተከሉትን ዋንዛ ነበር። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም፤ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ቅርንጫፉ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ከሩቅ ይሰማሉ፤ ፍሬው ሲበስል ደግሞ እኛ ልጆች ጣታችንም ከንፈራችንም ተጣብቆ ነበር የምንውለው።

"ዘነቡ፣" አሉ እናቴን፣ ዓይናቸውን ከዛፉ ሳያነሱ፣ "ቦረቦሩን መዞር ካልተቻለ በላዩ ማለፍ ነው። ግንድ ፈልፍለን አሸንዳ ብንሠራ ውሃው ይሻገራል። የሚደርስ ግንድ ግን ከዚህ ሌላ አጣሁ። ልለምንሽ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ሦስት ቀን ሆነኝ።"

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ማሳውንም ቤቱንም ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። አጎቴ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "አንቺ ውሃሽ ሞልቶ! የአባታችንን ዛፍ ለማዶ ሰው ልትቆርጪ ነው?"

"ይሄ ዛፍ እኮ ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው፤" አለችው፣ "አሁን ደግሞ ያጠጣ።"

ዛፉ ሲወድቅ አለቀስኩ። እናቴንም ሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ እሷ ግን ኩርፊያዬን ከነመፈጠሩም ያላወቀች መስላ ምሳዬን ታቀርብልኝ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የመጥረቢያው ድምፅና የእርጥብ እንጨቱ ሽታ አሸንፎኝ ከሥራው ቦታ ተገኘሁ። ግንዱን ለሁለት ቆርጠው እያንዳንዱን እንደ ረጅም ገበቴ ይፈለፍሉታል። ወደ ቦረቦሩ የተሸከሙት ቀን የወዲህና የማዶ ሰው ተቀላቅሎ፣ ግማሹ "ቢስሚላህ"፣ ግማሹ "በስመ አብ" እያለ ነበር ያነሳው። የሁለቱን ግንዶች ጫፍ መካከል ላይ ባለው ቋጥኝ አገናኙ፤ መጋጠሚያውን እናቴ ከቀፎዎቹ ባወጣችው ሰምና በጭድ ጭቃ ደፈኑት።

ከዚያ አያ እንድሪስ ውሃውን ለቀቁት። መንደሩ በሙሉ በሁለቱም ዳር ቆሟል። ውሃው ቅጠልና አቧራ እየገፋ ገባ፣ እስከ መካከሉ ሄደ፣ እዚያ ቆመ፣ አበጠ፣ በጎንና በጎን ፈስሶ ቦረቦሩ ውስጥ ወደቀ። አጎቴ በቀስታ፣ "ዛፍም ሄደ፣ ውሃም ሄደ" አለ። አያ እንድሪስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

እናቴ ወደ ቤት ሄደች። የከፋት መስሎኝ ልከተላት ስል ሊጥ የምታቦካበትን ገበቴ ይዛ ተመለሰች። የማዶውን ግንድ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ እስከ አፉ ውሃ ሞላችበት። ሁላችንም አየነው፤ ውሃው ከገበቴው የፈሰሰው ወደ እኛ በኩል ነበር።

"አያ እንድሪስ፣" አለች፣ ሰው ሁሉ ፊት እንዳያፍሩ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የእርስዎ ዓይን አልተሳሳተም፤ ቦረቦሩ ነው ያታለለዎት። ማዶው ዝቅ ያለ ይመስላል እንጂ ከፍ ይላል።"

ሽማግሌው ገበቴውን ትንሽ ጊዜ ተመለከቱት። "ወላሂ፣" አሉ፣ "ይሄን ያህል ዘመን የውሃ አባት ስባል እናቱ እዚህ ኖራለች!" ሳቁ ከሁለቱም ዳር ፈነዳ። የማዶ ሰዎች የግንዱን ማረፊያ አንድ ስንዝር ቆፍረው አወረዱት፤ ከዚያ በታች ያለውን ቦይም ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጎደጉዱ ዋሉ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው እንደገና ተለቀቀ፤ መካከል ላይ ደረሰ፤ አልፎ ሄደ። ልጆች ከፊቱ እየሮጡ፣ ሴቶች እልል እያሉ፣ እስከ በርበሬው ድረስ ሸኙት። አያ እንድሪስ አንድ እፍኝ ቀድተው "አልሀምዱሊላህ" ብለው ጠጡ፤ ቀጥሎም ለእናቴ በእጃቸው ቀዱላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ የዘነቡ አሸንዳ ሆነ።

መጋጠሚያው ግን መቼም ማፍሰሱን አልተወም። በሚንጠባጠበው ሥር ማሰሮ እየደቀኑ፣ ልብስ እያጠቡ፣ የወዲህና የማዶ ሴቶች ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ሁለት ሠርግ ከዚያ ጠብታ ሥር መጀመሩን አውቃለሁ።

ዘንድሮ ለለቅሶ ስሄድ ቦታውን አየሁት። በሲሚንቶ የተሠራ ሰፊ ቦይ በምሰሶ ላይ ተንሰራፍቶ ያልፋል፤ ከማዶ ያሉት ማንጎዎች ጥላ ጥለዋል። አንድ ጠብታ አያፈስም፤ ሥሩም ማንም የለም። አያ እንድሪስም እናቴም ካለፉ ቆይተዋል። ውሃ ሊመልስ አካፋ የያዘ አንድ ጎልማሳ፣ ቦዩን አፍጥጬ ስላየሁ መሰለኝ፣ "ይሄ ሳይሠራ እዚህ ምንም አልነበረም" አለኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እንዳሁኑ አንድ በአንድ ነገርኩት። መሬቱ እየጠበቀው አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"እርስዎ ታዲያ የማን ልጅ ነዎት?" አለኝ በመጨረሻ።

በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የአባት ስም ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የሰጠሁት እሱን ነው። ያን ቀን ግን፣ ሌላ መልስ እንዳለ እንኳ ሳላስብ፣ "የዘነቡ" አልኩት።