እማሆይ ፀዳለ የቀመሱት ሦስት ብርሌ

እማሆይ ፀዳለ የእናቴን ጠጅ ቀምሰው የተፉት በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የታወሰኝ ሰሞኑን ሞላሌ ሰርግ ተጠርቼ ብርሌ ቢያቀብሉኝ ነው። ሳልጎነጭ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። «ስኳር ነው» አልኩ። የሙሽራው አባት ተቀየመኝ፤ ይቀየም።

እማሆይ ጎረቤታችን ነበሩ። ሳይመነኩሱ በአንድ ባላባት ቤት ጠጅ ጣይ ነበሩ ይባላል። ከመነኮሱ ወዲህ ግን ጠጅ በጉሮሯቸው አልወረደም። ቢሆንም የደብራችን ንግሥ ሲደርስ፣ በዋዜማው፣ ጠጅ የጣለው ቤት ሁሉ አንዳንድ ብርሌ ያቀርብላቸዋል። በምላሳቸው ያዞሩና አመድ ላይ ይተፉታል። ከዚያ ለካህናቱ የማን ጋን ቀድሞ እንደሚከፈት ይናገራሉ። ጋኑ የቀደመለት ቤት ዓመቱን ሙሉ ስሙ ይነሣል።

በዚያ ዓመት እናቴ የጣለችው በአባቴ ማር ነበር። አባቴ ሳይሞት ግሼ ዘመዶቹ ዘንድ ከሰቀለው ቀፎ የቆረጠው የመጨረሻ ማር ነው፤ ሦስት ዓመት በቅል አሽጋ አቆይታዋለች። ጋን የሚታጠነው በወይራ ነው። የኛ ብርድ ደግሞ ወይራ አያበቅልም፤ ገደሉን ወርዶ ግማሽ ቀን መሄድ ነው። «ወይራ አምጥተህ እጠንልኝ» ብላኝ ዘመሮ ገበያ ሄደች። እኔ ሰነፍኩ። ጭስ ያው ጭስ ነው ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዘለልኩና የጽድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። በሱ አጥኜ የተረፈውን ጭድ ውስጥ ደበቅኩት። በአገሩ ጽድ ያለው እዚያ ግቢ ብቻ ነው።

የዋዜማው ዕለት ሰው እማሆይ ደጅ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ብርሌ የጎረቤታችን የአያ ደምሴ ነበር። ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አሸተቱት፣ ጎንጨት አድርገው እንትፍ አሉ።

«የመርሐቤቴ ማር ነው። የቆላ ንብ ነው፣ ግራር የቀሰመ። የዘንድሮ ስለሆነ ገና ይቸኩላል።»

አያ ደምሴ ሳቀ። «እማሆይ፣ የንቡንም ስም ይንገሩን እንጂ!»

«ስሙን እንጃ። ካንተ ይልቅ ሥራ እንደሚወድ ግን አውቃለሁ።»

ሁለተኛው የመሪጌታው ነበር። «የዓምናና የዘንድሮ ማር ተደባልቋል» አሉ። «ጌሾው ግን ልክ ነው።»

ሦስተኛው የእናቴ። አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት።

«የግሼ ነው፤ የደጋ አበባ። ሦስት ዓመት ያደረ። እንዲህ ያለ ማር ከቀመስኩ ቆየሁ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እማሆይ ብርሌውን እንደገና አሸተቱና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ጽድ ብለው ቢናገሩ ከየት እንደተቆረጠ ለማንም አይጠፋም።

«የመሪጌታው ይቅደም» አሉ። «ይኼ ሁለተኛ ይከፈት።»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። «የሟች ማር ነው እኮ፣ እማሆይ። ምኑ ጎደለ?»

«ማሩ ምንም አልጎደለው፣ ልጄ። አንቺም አላጠፋሽም። ጭሱ ነው።»

ሰው ሲበተን ጠሩኝና ብርሌውን ሰጡኝ። «ቅመስ። አትዋጥ፤ ያዘው።»

ያዝኩት። መጀመሪያ ማሩ መጣ፣ ቀጥሎ ጌሾው። ከነሱ ኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ መጣ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት፣ እማሆይ።»

«እንግዲህ እኔ አልተናገርኩም» አሉና አመዱን ሊደፉ ሄዱ።

እማሆይ ካረፉ ስንት ዘመኑ። የሚወረስ ንብረት አልነበራቸውም። ለኔ የተዉልኝ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ አፌ የገባውን ሳልውጥ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ።

እናቴ ያን ማታ እራት አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን ጽድ ከጭዱ አውጥቼ አሳየኋት፤ ከየት እንደቆረጥኩትም ነገርኳት። ከዚያ ተሸክሜው ወጣሁ። ታቦቱ ሳይወጣ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ በትልቁ በር ገብቼ መሪጌታው እግር ሥር አወረድኩት።