እማዬና የመስኮቱ ፀሐይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የናትናኤል ሚስት ወልዳ አራስ ልጠይቅ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ ወጥቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ተቀመጥሁ። ገንፎው ቀርቦልኝ መሐሉ ላይ ካለው ቅቤ ገና አንድ ጊዜ እንዳጠቀስሁ፣ አራሷ ጤና ጣቢያ የነገሯትን ታጫውተኝ ጀመር። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አይቀምስም። እምብርቱን ቅቤ መቀባት የለም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ «በመስኮት መስታወት በኩል ግን አይሆንም አሉኝ» አለች።

ናትናኤል ሳቀ። «ደግሞ ማነው በመስታወት የሚያሞቅ?»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። እሱን ራሱን ነበር እንዲያ ያሞቅነው። እስከ ዛሬ ማንም አልነገረውም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ያኔ መካኒሳ ነበርን፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ተከራይተን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የምፈልግ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እስከ ረፋድ የምተኛ ልጃገረድ ነበርሁ። የናትናኤል እናት፣ ታላቅ እህቴ አልማዝ፣ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ፋብሪካ ሥራዋ ተመልሳለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ስለዚህ ልጁን የምታሳድገው እናታችን እማዬ ነበረች።

ናቲ ቀይ፣ ድብልብል ያለ፣ ላየው ሁሉ የሚስቅ ሕፃን ነበር። እማዬን የሚያስጨንቃትም ይኸው ነው። «ለበሽታስ ሐኪም አለ፤ ለሰው ዓይን ምን አለ?» ትላለች። በተለይ ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ትፈራለች። እትዬ አስካለ ክፋት የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ጥፋቷ ልጅ ባየች ቁጥር «ውይ ሲያምር!» ማለት ማብዛቷ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ናቲ ግቢ ከወጣ የሚወጣው ፊቱ ሳይቀር ተሸፋፍኖ ነበር።

እማዬ የሐኪም ምክርም አልናቀችም። ፀሐይ አሙቁት ተብላ የለ? በሩን ትቀረቅርና፣ ልጁን ራቁቱን አድርጋ ቅቤ ቀብታ፣ ወደ ባዶው ጓሮ በሚያየው በተዘጋው መስኮት ሥር ታስተኛዋለች። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ያቺ ክፍል ትሞቃለች፣ ቅቤው ይሸታል፣ የልጁ ግንባር በላብ ይርሳል። «እሰይ፣ ሞቀው» ትላለች። ፀሐዩም ገባ፣ ዓይኑም ቀረ። እኔም ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ እያየሁ ብልሃቷን አደንቅ ነበር።

እኩዮቹ ግድግዳ ተደግፈው መሄድ ሲጀምሩ ናቲ ተቀምጦ ያያቸዋል። ስናቆመው እግሩ ይጎብጣል፣ ያለቅሳል። «ወፍራም ልጅ ይዘገያል» አለች እማዬ። እየቆየች እሷም ይህን ማለቷን ተወች። በመጨረሻ አልማዝ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሦስታችን ጎፋ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድነው።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። የእጁን አንጓ ዳሰሰች፣ እግሩን አየች።

«እማማ፣ ፀሐይ ይሞቃል?»

«አንድ ቀን አላጎደልሁበትም፣ የኔ ልጅ!» አለች እማዬ፣ ኮራ ብላ።

«ውጭ ነው?»

«ኧረ ውጭስ! ውጭማ ሰው አለ። መስኮቱ ሥር ነው።»

«መስኮቱ ተከፍቶ?»

እማዬ አልማዝን አየች፣ እኔን አየች። «ተዘግቶ» አለች ዝግ ብላ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረውን የፀሐይ ጉልበት ያስቀረዋል ብላ አስረዳችን። ጠብታ መድኃኒት አዘዘች፤ ፀሐዩም ውጭ፣ በገላው ላይ ይሁን አለች። «ገና ሕፃን ነው፣ ይቃናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው፣ እማማ።»

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አልማዝ ገነፈለች። «ከሰው ዓይን አዳንሁት ስትይ ሽባ ልታደርጊብኝ ነበር!» አለቻት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከት ጀመር። አልማዝ ክፉ ሆና አልነበረም፤ ልጇን ትታ ሥራ መዋሏ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖሮ መጣያ አገኘችለት። ባዮሎጂ የተማርሁት፣ ጠዋት ጠዋትም ተኝቼ ያየሁት እኔ ነበርሁ፤ ትንፍሽ አላልሁም። መካኒሳ ስንደርስ ጥፋቱን ሁሉ ተሸክማ የወረደችው እማዬ ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ስነቃ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ ዱካዋን ግቢው መሐል፣ ቧንቧው አጠገብ አድርጋ ናቲን ራቁቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ያያሉ።

«አስካለ፣ ነይ እስኪ እዪው» አለች።

እትዬ አስካለ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። የጎበጠውን እግር ስታይ የለመደችው ቃል ከአፏ አልወጣም። «እንትፍ፣ እንትፍ፤ እሱ ያሳድግልሽ» ብላ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እማዬ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ናቲ ክረምት ሳይገባ በእግሩ ሄደ። ዛሬ እግሩን ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም። እማዬ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅ አንድ ቃል መክራ አታውቅም። ከዓመታት በኋላ እኔ ወልጄ፣ ልጄ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ሲያለቅስ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ በሩ ላይ ትቆማለች። «እማዬ፣ ምን ላድርገው?» ስላት፣ «እኔን አትጠይቂኝ፤ ሐኪም ጠይቂ» ትላለች። ሁላችንንም ያሳደገች ሴት! እኔም እሺ ብዬ ሐኪም ጠየቅሁ። እንዲያ እንደፈራች አለፈች።

አሁን እኔም አርጅቼ ወጣት ወላጆች ምክር ይጠይቁኛል። ሐኪም ያላችሁን አድርጉ፣ ልጁን ውጭ አሙቁት እላቸዋለሁ። እናቶቻችሁ ሲሳሳቱ አርሟቸው፣ ልጁን ግን መልሳችሁ እጃቸው ላይ አስቀምጡላቸው ብዬም እጨምራለሁ። ይህን ለማንም እናገረዋለሁ። እናቴን ግን «እማዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም» ብያት አላውቅም።