ከማን ሰማኸው

ልጅ ሳለሁ እናቴ ሲያትል ውስጥ ቤት አልባ ለሆኑ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች በተቋቋመ ማእከል ምግብ ታበስል ነበር። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ አመሻለሁ። ማእከሉ ሾርባ ከማብላት ሌላ፣ ከወገኖቻቸው ተነጥለው ላደጉ ሰዎች ቋንቋቸውንና ተረታቸውን መልሶ ያስተምር ነበር።

በብርዱ ወራት ጓሮው ውስጥ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ የዝግባ እንጨት ይነድና ሮዝ የሚባሉ አሮጊት ተረት ያወራሉ። እናቴ «እትዬ ሮዝ» ትላቸዋለች፤ ትርጉሙን ከነገረቻቸው ወዲህ ባዶውን ሮዝ ብሎ የሚጠራቸውን ሰው ይገላምጡ ነበር። «በቃ እዚህ ቁጭ በይ፣ ጃኬትሽን ዚፕ አድርጊ፣ እትዬን እንዳትረብሺያቸው!» ትለኝና ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እኔ መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ያኔ ግን ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ዝናቡ ላስቲኩን እየደበደበው፣ ፍሙ የሮዝን ፊት እያቀላው፣ ትንፍሽ አልልም ነበር።

እሳቱ ዘንድ አንድ ሥርዓት ነበር። ተረት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ ከማን እንደሰማው ይናገራል፤ የነገረው ሰው «አውራው» ብሎ ያልሰጠውን ተረት ደግሞ አያወራም።

ከማእከሉ ተመጋቢዎች አንዱን፣ ዳኒን፣ ያሸሸው ይኸው ሥርዓት ነው። ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ተወስዶ በባዕድ ቤት ያደገ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድልድይ ሥር በድንኳን የሚያድር ሰው ነበር። ሾርባውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሞ ይሰማል። ሮዝ እንዲያወራ ሲጋብዙት፣ «ከማን ሰማሁ ልበል? የምጠራው ሰው የለኝም» ይልና ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። እናቴ ድርሻውን ከድና ታስቀምጥለታለች፤ እኔም አንድ ቀን እንደወጣ ይቀራል ብዬ እሰጋ ነበር።

አንድ ምሽት ጉንፋን የሮዝን ድምፅ ዘጋው። አጥሩ ጋ የቆመውን ዳኒን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡትና በሹክሹክታ፣ «የወንዙን ተረት ሰጥቼሃለሁ። አንተ አውራው» አሉት።

ዳኒ መውጫውን አየ። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይህን የሰማሁት ከአያቴ ከሮዝ ነው» ብሎ ጀመረ።

ሮዝ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ፤ እስኪጨርስም አላነሱትም። መሀል ላይ ተረቱን አዘበራርቆት ነበር፤ ለማረም ምላሴን ቢበላኝም እናቴ በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። በማግስቱ ዳኒ ማንም ሳይጠራው መጥቶ እሳቱን አነደደ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

አሁን የምኖረው እዚያው ሲያትል አጠገብ፣ ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ ነው። ልጆቼ የወንዙን ተረት ንገሪን እያሉ ይነዘንዙኛል፤ ከዳር እስከ ዳር ባውቀውም አልነግራቸውም፤ አልተሰጠኝም። ዳኒ አያት ያገኘበትን ምሽት ግን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። እሱ የኔ ነው።