ለታቦት የተሳለው ካባ

የአባቴ ታላቅ እህት አሮጌ ጌጥና አሮጌ ልብስ ትሰበስብ ነበር። አባቴ እታታ ስለሚላት እኛም ልጆቹ እታታ እንላት ነበር። ባሏ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ጎንደር ከደብሩ ቅጥር በታች ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ እኔ ተማሪ ቤት ስመላለስ፣ የከተማው ሴት ሁሉ አዲስ ነገር ይወድ ነበር። በየሱቁ ቦርሳና የናይለን ሻርብ ተሰቅሎ ይታያል። የአያት አልቦና የአያት ድሪ ደግሞ ቀልጦ በአዲስ መልክ እንዲሠራ ወደ አንጥረኛ ይወሰዳል።

እታታ ይህን አትወድም። ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው የቤተ እስራኤል መንደር አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነበሩ። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ የቅዳሜ ገበያ አይወጡም፤ ስለዚህ እሷ ሐሙስ ሐሙስ ትወርዳለች። አንዳንዴ እኔም እከተላታለሁ። ሌላው ሰው በሩቁ ሲያናግራቸው እሷ አያ እያለች መደባቸው ላይ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። ሊቀልጥ የመጣውን አሮጌ ጌጥ በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ይዛ የመጣችውን ጠገራ ብር በሌላው ወገን ያስቀምጡታል። ሲተካከል ጠገራው ወደ እሳት ይገባል፤ ጌጡ ወደ እታታ መቀነት። አንድ ቀን አንድ አልቦ አገላብጠው አይተው፣ የሠሩት አባታቸው መሆናቸውን ከመዝጊያው አወቁ። መዶሻ ሊያነሡበት እንደነበር ነግረዋት ሚዛኑንም ሳያዩ ሰጧት።

እንዲህ እያደረገች የሰበሰበችውን በሳጥን አላኖረችውም፤ ለበሰችው እንጂ። የፀጉር ወለባ፣ ከሰንሰለት ጋር አንገት ላይ የሚንጠለጠል የብር ኩክ ማውጫ፣ ጠርዙ በሐር የተጠለፈ የድሮ ቀሚስ፣ ሁሉንም በየተራ ታወጣዋለች። ብር በሎሚ ስታሸው በቅርጹ ፍልፍል ውስጥ ያለውን ጥቁረት አትነካም፤ እሱ ከጠፋ ሥራው አይታይም ትል ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ጎረቤት ናይለን ሻርቧን እያስተካከለች፣ «ደሞ ዛሬ የማንን ሙት ልብስ ለበስሽ?» አለቻት። እታታ ቀሚሷን ቁልቁል አየችና «ያያትሽን። አንቺ አይደለሽ የሸጥሽልኝ?» አለቻት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካባው ነበር። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ደረቱና ጫፉ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ገበሩ ቀይ ሐር። የአያቷ ነበር። በጠላት ዘመን ኮሶዬ በሚባል አገር ዘመድ ቤት በገብስ ጎታ ውስጥ ተቀብሮ ነው የዳነው። ሲወጣ፣ በጥልፉ መካከል የገባውን ገለባ በመርፌ ጫፍ ስትለቅም አንድ ሁዳዴ ሙሉ ፈጀባት። ከዚያ ወዲህ በአሪቲና በጠጅ ሣር መካከል አጣጥፋ ታኖረው ነበር፤ ብል አልነካውም።

ይህ ካባ ስለት ነበረበት። አባቴ ዱር ገብቶ ሳለ ሞተ የሚል ወሬ ሁለት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ እታታ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ፣ ወንድሟ በሕይወት ከተመለሰ ካባውን ለታቦቱ ልትሰጥ ተሳለች። በእኛ አገር የክብር ልብስ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ተፈትቶና ተቆርጦ የታቦት መጎናጸፊያ ወይም መጋረጃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሰው አይለብሰውም። አባቴ አንድ ጣት ብቻ ጎድሎት ተመለሰ። ካባው ግን አልተሰጠም።

እታታ ስለቷን አልካደችም። በየዓመቱ በደብሩ ንግሥ ለብሳው ትሄዳለች፤ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው ትላለች፤ ለብሳው ትመለሳለች። አንድ ዓመት በካባው ፈንታ ባለዘርፍ የከፋይ ጥላ ለነፍስ አባቷ ወሰደችላቸው። የድሮ ነው፣ ከካባው አያንስም አለቻቸው። ጥላውን ዘርግተው ዙሪያውን አዩት።

«ሸጋ ጥላ ነው፤ እንቀበላለን» አሏት። «ካባውንም እንጠብቃለን።»

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ አዘዞ የሚያስተምር ሰው አጨኝ። የእሱ ወገኖች ከአስመራ ቬሎ እናስመጣለን ሲሉ፣ እታታ መጥታ ካባውን ጭኔ ላይ አኖረችው። የወንድሜ ልጅ ከለበሰችው ስለ ወንድሜ እንደ ተሰጠ ይቆጠራል አለችኝ። ስለቱን አውቃለሁ። ይቅርብኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ያ ካባ ጎብጦ አያስቆምም።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ የአባቴን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ ጣት በጎደለው እጁ ጥልፉን ነካ አደረገና ወደ እታታ ዞረ።

«እታታ፣ ይህ ለኔ የተሳልሽው አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ በዱቤ ነው የምኖረው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነፍስ አባቷ ብርሌያቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። እታታ አልሳቀችም። እኔም ካባው ውስጥ ሆኜ አልሳቅሁም።

ለመልስ ወላጆቼ ቤት ስመለስ እታታ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ካባውን ቁርበት ላይ ዘርግታ መርፌና ትንሽ ምላጭ ይዛ ነበር የምትጠብቀኝ። ዐይኗ ስለ ደከመ ስፌቱን እኔ እንድፈታላት አዘዘችኝ፤ አንድ ክር ከፋይ እንዳልነካ። ለምን እስከ ዛሬ እንዳቆየችው ጠይቄያት አላውቅም፤ ያን ቀን ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ሲቆርጡት እንዳላይ ብዬ ነው። በመቀስ ነው የሚገቡበት። በስፌቱ ከተፈታ ግን ምኑን ይቆርጡታል?»

እስከ ማታ ፈታነው። ከገበሩ ሥር የሦስት እጅ ስፌት ነበር፤ የራሷን፣ የእናቷንና የአያቷን እያሳየች ለየችልኝ። የአያቷ ከሁሉ ይደቅቃል። የመጨረሻውን ስፌት ስንለቅ አንዲት የገብስ ፍሬ ዱብ አለች። እታታ አንሥታ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ይህችን አልተሳልኩም» አለች።

በማግስቱ ከፋዩን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ለነፍስ አባቷ በእጃቸው ሰጠች።

ለሚቀጥለው ጥምቀት ከአዘዞ መጣሁ። እታታ ተራ ነጠላ ለብሳ በእኔና በአባቴ መካከል ቆማ ነበር። የደብራችን ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ፣ በቄሱ ራስ ላይ መጎናጸፊያው ያ ጥቁር ከፋይ ነበር፤ ጥልፉ አንድም ሳይቆረጥ ፀሐይ ላይ ያበራል። ከላዩ የያዙት ጥላም የእሷው ጥላ ነው። ሰው ሲሰግድ ሰገደች። ቀና ስትል ዐይኗን አጥብባ አየችው።

«ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች።

አባቴ ደንገጥ ብሎ «እታታ፣ ታቦት እኮ ነው» አላት።

«ታቦቱን ምን አልኩ? የሰፋውን ነው እንጂ።»

የተቀደሰ ልብስ በሴት እጅ አይነካም፤ ስለዚህ ራሷ ልታቀናው አትችልም። ከካባው የተረፈውን የአያቷን ክር ለነፍስ አባቷ ላከች፤ መርፌው ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድም በእኔ እጅ በወረቀት አስጻፈች። በዓመቱ ጥምቀት ስፌቱ ቀንቶ ነበር። እታታ አይታው ነጠላዋን አስተካከለችና ታቦቱን ተከተለች።