በጋራዣችን የነገሠው ሰው

ልጅ እያለሁ ሰው ሲነግሥ አይቻለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል። ዘውድ አልነበረውም፤ ማስክ አድርጎ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ባኪ የሚሉትን ነጭ ፒክአፕ እየነዳ መጥቶ፣ ሮዘተንቪል ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ጋራዣችን ውስጥ ነው የነገሠው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች ከሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መምህራኖቻችን የእናቶቻችን ስልክ ውስጥ የገቡበት፣ እጃችን ሁሉ ሳኒታይዘር ሳኒታይዘር የሚሸትበት ዓመት ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ኅብረታችን ጋራዡ ውስጥ ተደብቆ ይሰበሰባል። አብዛኞቹ ከሀዲያና ከከምባታ መጥተው ታውንሺፕ ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራብን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በሹክሹክታ «ሃሌ ሉያ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያስቃል። ከአጥሩ ማዶ ጎጎ የምንላት አሮጊት ጎረቤታችን ማግዊኛ የሚባለውን ቦምቦሊኖዋን በዘይት ስትጠብስ ሽታው እየመጣ፣ እኛ ልጆች ጸሎት ላይ እንኳ ምራቃችንን እንውጥ ነበር።

ልጆቹን የምታስተምረው እናቴ ናት። በዚያ ሰሞን የያዘችው እስራኤላውያን «እንደ ሌሎቹ ሕዝቦች ንጉሥ ይኑረን» ብለው ሽማግሌውን ሳሙኤልን ያስጨነቁበትን ታሪክ ነበር። እናቴ ስታስተምር ትቆጣለች። «ባሕር የከፈለላቸው ንጉሥ እያለ የሰው ቁመት አማራቸው! ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰሙም? የማትከሰውን ሰው በገዛ ራስህ ላይ ምን ብለህ ትሾማለህ?» ትላለች። የምትጣላው ከእኛ ጋር ሳይሆን ከእስራኤል ሽማግሌዎች ጋር ነበር። እኔም አብሬያት እጣላቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ዘራፊ በዛ። ኦሬንጅ ፋርም ያለው የአባቴ ሱቅ ጣሪያው ተቀዶ ተገኘ፤ የሌሎቹም እንዲሁ። ሰዉ ፈራ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ረዥም ሰው አይጠፋም፤ ጋሼ ሎንሴቆ ብቅ አለ። ትልቅ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ሲናገር ግድግዳው ይሰማዋል። «አንድ ራስ ያስፈልጋችኋል። ከፖሊሱም ከሌባውም ጋር የምነጋገርላችሁ እኔ ነኝ» አለ። በምላሹ ሱቆቹ መዋጮ ይሰጡታል፤ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ሽጉጥ ታጥቆ ከባኪው ኋላ የሚቆም አንድ ወጣት ይሰጠዋል።

ከእኛ ቤት የሚሄደው ወንድሜ ናቲ ነበር። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እሱማ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ሻርፕ! ምን ችግር አለው?» እያለ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ከዚያ በፊት ጋሼ ሎንሴቆን ሲጠብቅ የነበረ አንድ ልጅ በጥይት ሞቶ፣ አውሮፕላን በመቆሙ ሬሳው እንኳ አገሩ ሳይገባ እዚሁ መቀበሩን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች፤ በሽንኩርቱ ታመካኛለች። እኔ በጣም ተናደድኩ።

በኅብረታችን ማንኛውም ስብሰባ የሚከፈተው አንድ ልጅ በቃሉ ባጠናው የእግዚአብሔር ቃል ነው። ልጅ ቃል ሲናገር አይቋረጥም፤ ሲጨርስ ሁሉም «አሜን» ይላል። ሹመቱ በሚጸድቅበት እሑድ ተራው የእኔ ነበር። እናቴ አጥኚ ያለችኝ ስለ እረኛው የሚናገረውን መዝሙር ነው። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ ሌላ አጠናሁ።

ወንዶቹ በፕላስቲክ ወንበር ተራርቀው ተቀምጠዋል። ጋሼ ሎንሴቆ ከፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ሊቀቡት ዘይት አዘጋጅተዋል፤ የወይራ ዘይት ስላልተገኘ ከራሱ ጅምላ ሱቅ የመጣ የሱፍ ዘይት። ተሿሚው ለገዛ ቅባቱ ዘይት ሲያቀርብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ማስኬን አወረድኩና ሳሙኤል ለሕዝቡ የተናገረውን ጀመርኩ፤ ንጉሡ ወንዶች ልጆቻችሁን ወስዶ በሰረገላው ፊት እንደሚያስሮጣቸው፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ወጥ ቤት እንደሚያስገባቸው፣ ከእርሻችሁ መልካም መልካሙን ለአሽከሮቹ እንደሚሰጥ፣ በመረጣችሁት ንጉሥ ምክንያት የምትጮኹበት ቀን እንደሚመጣ። «ወንዶች ልጆቻችሁን» ስል በሩ ላይ የቆመውን ባኪ አየሁት። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ግን ልጅ አይቋረጥም። ስጨርስ ሁሉም እንደ ልማዳቸው «አሜን» አሉ። የእናቴ አሜን ከወጥ ቤቱ በር ድረስ ተሰማ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ጴጥሮስ፣ ሳቁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። «እኛ ሰብሳቢ እንጂ ንጉሥ መች መረጥን?» እጅ አውጡ ተባለ፤ አወጡ። ዘይቱም በጋሼ ሎንሴቆ ራስ ላይ ፈሰሰ። እስራኤልም እኮ ተነግሯቸው አልሰሙም፤ እግዚአብሔርም የለመኑትን ሰጣቸው እንጂ ከዙፋኑ አልወረደም።

አባቴ ግን እጁን አላወጣም። ተነሣ። አባቴ በጉባኤ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ መዋጮውን ውሰዱ። ልጄን አልሰጥም።»

«ሱቅህን ማን ሊጠብቅልህ ነው?»

«እስከ ዛሬ የጠበቀኝ።»

«ባይጠብቅህስ?»

«ባይጠብቀኝም ልጄን አልሰጥም» አለና ተቀመጠ።

ጋሼ ሎንሴቆ መዋጮውን አልተቀበለውም፤ ከእኛ ጋር የሚነግድም ጠፋ። ናቲ «በጓደኞቼ ፊት አሳፈርሽኝ» ብሎ አኮረፈኝ። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣ ሱቃችን መደርደሪያው ሳይቀር ተዘረፈ። አባቴ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ከረጢት ተሸከመ። ቀላል ነበር አልልም። አላፈርኩም ግን፤ ዛሬም አላፍርም።

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ተከፍቷል፤ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ነው። ጋሼ ሎንሴቆ ሄዶ በቦታው ሌላ፣ ከእሱ የባሰ ባለ ባኪ ተተክቷል። ያኔ ጮክ ብለን መዘመር ነበር የምንፈራው፤ ዛሬ ሰዉ የሰብሳቢውን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ይፈራል። የቱ እንደሚሻል እናንተው ፍረዱ። «አባትሽ በግትርነቱ ሱቁን አጣ» የሚሉኝ አሁንም አሉ። ይበሉ። ምን ይጠበስ?

ናቲ ትሮይቪል ውስጥ ስልክ ይጠግናል። በቅርቡ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ አቶ ጴጥሮስም እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ። እሳቸው ያን እሑድ የበኩር ልጃቸውን ሰጥተው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ቀበሩት። ሕፃኗን ታቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አባቴን አዩት።

«አንተ እኮ አልሰጠህም» አሉት።

እኔ ሕፃኗን ከእጃቸው ተቀበልኩና ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። ነገ የፈለገው ሰው፣ የፈለገውን ባኪ እየነዳ ይምጣ። ይህች ልጅ ንጉሥ አላት።