ጀርባውን የሰጠ ደጋፊ

ፀጉር አስተካካዩ ቢጫ ለባሾቹን መደገፍ የጀመረው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ ቡድኑ ጎል ሲያገባ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አንድም ጎል! በቡድኑ ላይ የገቡትን ከጠየቃችሁት ግን ኳሷ የትኛውን ቋሚ ታካ እንደገባች ሳይቀር ይነግራችኋል፤ ከእነሱ አንዷም አላመለጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ዓይኑን ወደ ፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ካዞረ ቡድኑ ይፈዛል፣ የአጥቂዎቹ እግር ይተሳሰራል፣ በረኛው እጁን ሳሙና የተቀባ ይመስል ኳስ ያመልጠዋል። ሰው ራስ ላይ አጎንብሶ የፀጉር ማሽኑን ሲነዳ ግን ጎል! ዞር ሲል የሚያየው የሚተቃቀፍ ሰው ብቻ ነው። "ድጋሚውን እያሳዩ ነው፣ ቶሎ በል እይ!" ይሉታል። "የሰርግ ፎቶ ማየትና ሰርግ ቤት መገኘት አንድ ነው እንዴ?" ይላል እርር ብሎ።

ይህን መጀመሪያ የነቃበት ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ የሰፈሩ ደጋፊዎች አለቃ ነው፤ ማን ሾመው እንዳትሉኝ፣ ድምፁ ነው የሾመው። አንድ ቀን ከወንበሩ ብድግ አለና "ወገኖቼ፣ ጎል የሚያገባው አጥቂው አይደለም፣ ይሄ ማሽን ነው!" አለ። ሳቁበት። በሚቀጥለው ጨዋታ ለቀልድ ያህል ሞከሩት፤ ሠራ። ደግመው ሞከሩት፤ ሠራ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ውጭ አስቁመውትም አይተዋል፤ ባዶ ለባዶ ሆነ። ስለዚህ መራቁ አይበቃም። ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰው መላጨት አለበት።

ሕግ ወጣ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከመስታወቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰውየው በመስታወት አሾልኮ ሊያይ ይችላላ! ስለዚህ ጨዋታ ሲጀመር መስታወቱ በፎጣ ይሸፈናል። መስታወቱን ሸፍኖ የሚሠራ ፀጉር ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተላጩ ምን ዓይነት ጉድ እንደወረደበት የሚያውቀው የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ነው። አንዱማ ቤቱ ሲገባ ትንሿ ልጁ ደንግጣ አለቀሰች። "አሸንፈናል፣ ዝም በይ" አላት። የፀጉር አስተካካዩ ስምም በዚያው "ጀርባ" ሆኖ ቀረ።

ሚስቱ ከጎን ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ኳስ የምትባል ነገር አትወድም።

"አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች መጫወቻ አደረጉህ እኮ!" ትለዋለች።

"አንዲት ጎል በእነዚህ ዓይኖቼ ስትገባ ሳላያት እንዳልሞት ነው እኔ የምፈራው።"

"ታዲያ ዞር በልና እያታ!"

"ዞር ካልኩ እኮ አትገባም!"

ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

የዋንጫው ፍጻሜ ደረሰ። ቢጫ ለባሾቹ ዋንጫ የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም፤ የሰፈሩ ሰው ልቡ እንደተሰቀለ ነው የዋለው። ሹፌሩ ደጋፊው ሁሉ ፀጉሩን እንዲያሳድግ ያዘዘው ገና ቀደም ብሎ ነበር። በዚያ ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ጎፈሬ በጎፈሬ ሆነ፤ ከኋላ የተቀመጠው ምንም ስለማይታየው ይነጫነጫል። የጀርባ አማት፣ የሚስቱ አባት፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። መላጣ ናቸው።

"አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ለቡድኑ ምንም ይዘው አልመጡም" አላቸው ሹፌሩ።

"የእኔን ቡድኑ ራሱ ነው የጨረሰው፣ ልጄ" አሉት።

ፎጣው መስታወቱ ላይ ወጣ፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ማሽኑ ተነሳ። "ቀስ እያልክ!" ሹፌሩ ያዛል። "ፀጉር እንዳታባክን!" ሁሉ ነገር ደህና እየሄደ ሳለ የፓውደሩ ብናኝ በጀርባ አፍንጫ ገባ። አስነጠሰው። ሲያስነጥሰው ደግሞ ዞር አለ። በቃ! ተቆጠረባቸው።

"አየሃት?" ብሎ ጮኸ ሹፌሩ።

"አየኋት" አለ ጀርባ። "የግራውን ቋሚ ታካ ነው የገባችው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ለማስተካከል የመጣው ሁሉ ሙልጭ ብሎ ተላጨ። ራሱን የጨረሰ ጢሙን ሰጠ። ሹፌሩ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ያንን ሪዙን ሲያቀርብ ግማሹ ሰው ፊቱን አዞረ፤ ግን ሪዙ እንደረገፈ አንድ ለአንድ ሆኑ። ጭማሪው ሰዓት የተረፈውን ጢም በላ። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሲደርሱ አናጢው ሸሚዙን ፈቶ ደረቱን ሰጠና በረኛቸው አንዷን አዳነላቸው። ልብ በሉ፣ በአናጢው ደረት ነው የዳነችው፤ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል።

የመጨረሻዋ ምት የቢጫ ለባሾቹ ነች። ከገባች ዋንጫው የእነሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን የሚላጭ ነገር ጠፋ። መላጣው ሁሉ እርስ በእርሱ ተያየ። ከዚያ የሹፌሩ ዓይን ወደ ላይ ወጣና በጀርባ ራስ ላይ አረፈ። ጀርባ ለፀጉሩ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳው፤ ያንን ፀጉር ያየ ደንበኛ ነው እምነት ጥሎበት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው።

"የራስህን!"

"ያለ መስታወት? ጆሮዬን ልቁረጥ እንዴ?"

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ሹፌሩ ፎጣውን መንጭቆ ጣለውና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

ጀርባ ማሽኑን አንስቶ ቀና ሲል መጀመሪያ የራሱን ፊት አየ። ከትከሻው በላይ የሚያብለጨልጭ የመላጣ ሰልፍ፣ ከሰልፉ በላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ። አንድ ቢጫ ለባሽ ኳሷን እያስቀመጠ ነው። ሁሉም ወደዚያ አፍጥጧል፤ እሱን የሚጠብቅ ማንም የለም። አሁን ማየት ይችላል! ማንም ሳያውቅበት፣ ማንም ሳይከለክለው። ደስ አለው፣ ፈራ፣ መልሶ ደስ አለው። ቢያያትስ? ባትገባስ? እነዚህ ሁሉ ሰዎች ፀጉራቸውን ሰጥተው!

ዓይኑን ጨፈነ። ማሽኑን ግንባሩ ላይ ጫነና በዳበሳ ነዳው።

ቤቱ ተናጋ። ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ፣ አማቱ እንኳን ዘለሉ። እየጨፈሩ፣ ሹፌሩን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎዳናውን ሞሉት። አዎ፣ ሹፌሩን! የላጨውን የተሸከመ የለም።

ጀርባ ብቻውን ቀረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከመጨረሻዋ ምት በፊት ጫጫታው ድንገት ጸጥ ሲል ሰው የሞተ መስሏት መጥታ ነበር። ጠጋ ብላ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"ቅንድብህስ?"

ዳሰሰው። አንደኛው የለም።

"ጨፍነህ ነበር።"

ማሽኑ ላይ የቀረውን ፀጉር እፍ አለው።

"መስታወቱ ተገልጦልህ!"

"አዎ።"

"ጅል!" አለችው፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ማሽኑን ከእጁ ተቀብላ የቀረውን ግማሽ ራሱን ትላጭ ጀመር።

"አንቺ አየሻት?" አላት።

"ምን ላድርግ፣ በሩ ላይ ቆሜ። አየኋት።"

"ንገሪኝ።"

"ምኑን ልንገርህ? አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ኳሷን አስቀመጣት፣ አልጣመውም መሰለኝ መልሶ አነሳት። አንዱ ካልሲው ወርዶበታል፤ እናቱ ብሆን እሰበስብለት ነበር። ከዚያ ሮጦ መጣና መታት። በረኛው ወዲህ ሲወድቅ እሷ ወዲያ ሄደች።"

"እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

"አንድ ቀጭን ልጅ ነው..."

ከኋላው ቴሌቪዥኑ ድጋሚውን ማሳየት ጀመረ። ጀርባ አልዞረም።

"የወረደው የትኛው እግሩ ላይ ያለው ካልሲ ነው?" አላት።